የድሬ ምድር ባቡር ግቢ፣ ለገሃር፣ የድሮ ፋብሪካዎች፦ አዲሱን ሕንፃ ከአሮጌው ጋር እንዴት እናኑረው?

ጡብና_ድንጋይ፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። እዚህ ቤት ስለ ኮንዶሚኒየም ዋጋም ስለ ኮሪደር ልማትም ብዙ ተወርቷል፣ እኔ ደግሞ እስካሁን ያልተነሳ ነገር ላንሳ። መሀል ከተማ ላይ የቀሩ የድሮ የሥራ ቦታዎች አሉ አይደል፣ የባቡር ጋራዥ፣ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ወፍጮ ቤት። ቤተ መንግሥት ወይ ቤተ ክርስቲያን ስላልሆኑ እንደ ቅርስ የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው፣ መሬታቸው ደግሞ ወርቅ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ ዶዘር ገብቶ ይገኛል። ወሬው ሁሌ የሚያልቀው በሁለት ጎራ ነው፣ አንዱ "ቅርስ ነው አይነካ" ሌላው "አሮጌ ቆርቆሮ ነው ይፍረስ"። መሀል ላይ ያለው መንገድ ላይ ነው ማውራት የምፈልገው።

የምሠራው ለንደን ነው፣ የቆዩ ሕንፃዎች እድሳት ላይ። ኪንግስ ክሮስ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ሰፊ ቦታ የእህልና የከሰል ማራገፊያ ነበር። ግራነሪ የሚባለው ሕንፃ በ1852 ተሠርቶ ለለንደን ዳቦ ቤቶች ስንዴ ይከማችበት ነበር፣ አጠገቡ ያሉት ሁለት ረጃጅም የጡብ ሕንፃዎች ላይ ደግሞ ከሰል የጫነ ፉርጎ በላይኛው ወለል ይገባና ሆዱ ተከፍቶ ከሰሉን ወደ ታች ይዘረግፋል፣ ታች ጋሪ ቆሞ ይጠብቃል። ዘመኑ አለፈና ቦታው ወና ሆነ፣ አንደኛው ሕንፃ በ1985 ተቃጠለ፣ ከዛ ለተወሰነ ጊዜ ጭፈራ ቤት ሆነ። አሁን ግራነሪው ከ2011 ጀምሮ የአርት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የከሰል ቤቶቹም በ2018 ሱቅና ምግብ ቤት ሆነው ተከፍተዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አርክቴክቱ (ሄዘርዊክ ስቱዲዮ ነው) የሁለቱን ሕንፃዎች ጣሪያ መሀል ላይ ጎበጥ አድርጎ አውጥቶ አነካካቸው፣ ከሥሩ አዲስ ፎቅ ተገኘ። ሲያዩት አዲሱ ጣሪያ በአሮጌው ጡብ ላይ የተጫነ ይመስላል፣ ግን አይደለም፣ አዲሱ በራሱ የብረት ኮለን ነው የቆመው፣ ኮለኖቹ በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ አልፈው መሬት ወርደዋል። ጡቡ ከዛ አዲስ ጭነት ምንም አልተሸከመም። እኔ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው ባይ ነኝ፣ አዲሱ በራሱ እግር ይቁም፣ አሮጌውን አይጫነው፣ አያስመስለው፣ አይሸፍነው።

እስቲ ይሄን ይዘን ስለ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ግቢና አዲስ አበባ ስላለው የድሮ ባቡር ጣቢያ ስለ ለገሃር እናውራ። በቅርብ የምታውቁት ሰዎች ግቡበት።

የከዚራ_ልጅ፦

አቦ እንኳን አነሳሽው! እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ነው፣ አባቴ ምድር ባቡር ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። የድሬ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እንደ ፈረንጅ በ1902 እዚህ ደረሰ፣ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ከባድም ውድም ስለሆነ ታች በሜዳው ቀረና ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፣ በ1917።

ግቢው ውስጥ ገብታችሁ ካላያችሁ ለማመን ይከብዳል። ትልልቅ ቶርኖዎች (ብረት የሚቀርጹ ማሽኖች) አሉ፣ ከአውሮፓ ተጭነው የመጡ፣ የባቡር ጎማ የሚያዞሩ፣ ሠራተኞቹ ዘይት እየቀቡ ይጠብቋቸዋል። ባቡሩ ስፔር ፓርት ከውጭ እስኪመጣ አይጠብቅም ነበር፣ ቡሎኑንም ማርሹንም እዛው ያወጡታል። አባቴ "እዚህ የማይሠራ ነገር የለም" ይል ነበር፣ እውነቱን ነው። ሙቀቱን ደግሞ አስቡት፣ የድሬ ሙቀት በቀትር፣ እዛ ጋራዥ ውስጥ ግን ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ አየር ይዘዋወራል፣ ዛሬ የሚሠራው ባለ መስታወት ፎቅ ግን ኤሲ ከጠፋ አይገባበትም።

አዲሱ ባቡር በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ። ስለዚህ መሀል ከተማ ላይ ያን የሚያህል ግቢ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል፣ ቱሪስት አልፎ አልፎ ይመጣል ያያል ይሄዳል። እኔ እንደ ሙዚየም ብቻ እንዲቆይ አልፈልግም፣ ሙዚየም ብቻ ከሆነ በር ላይ ዘበኛ ተቀምጦ ይቀራል። ግን ፈርሶ ሞል እንዲሆንም አልፈልግም።

ሳይት_ኢንጂነር፦

እኔ ትንሽ ልቃወም፣ አትቀየሙኝ። ሃያ ሠላሳ ፎቅ በሚወጣበት መሬት ላይ ባለ አንድ ወለል ጋራዥ ይቆይ ስንል ለማን ነው? ለንደን ሀብታም ናት፣ ጡብ በጡብ ታድሳለች፣ እኛ ጋ ሥራ አጥ ወጣት አለ፣ ቤት የለም፣ የከተማ መሬት ጠቧል። እድሳት ደግሞ ከአዲስ ግንባታ ብዙ ጊዜ ይወደዳል፣ ምክንያቱም አሮጌው ግድግዳ ውስጥ ምን እንዳለ ቀድመህ አታውቅም፣ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ) ላይ የጻፍከው ሥራ ሲጀመር ይቀየራል። ኮንትራክተሩ ቫሪዬሽን (ለተጨማሪ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ) ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ይጮሃል፣ ፕሮጀክቱ ይቆማል። እኔ ራሴ የሠራሁበት ሳይት ላይ የቆየ የድንጋይ ቤት ይጠበቅ ተብሎ ዲዛይን ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ጎኑ ለቤዝመንት ሲቆፈር ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻ "ለደህንነት ሲባል" ፈረሰ። ከዛ ያ ሁሉ ወረቀትና ስብሰባ ለምን አስፈለገ?

ጡብና_ድንጋይ፦

ወንድሜ ያልከው ሁሉ በየሀገሩ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ያንተው ምሳሌ እኔ የምለውን ነው የሚያረጋግጠው፣ ቤቱ የፈረሰው አሮጌ ስለሆነ ሳይሆን አዲሱ በጣም ስለተጠጋው ነው። ጎኑ ቤዝመንት ሲቆፈር አፈሩ ከመሠረቱ ሥር ይሸሻል፣ የድሮ መሠረት ጥልቀት የለውም፣ ሰፋ ተደርጎ በድንጋይ የተነጠፈ ነው እንጂ ፌሮ የለው ምን የለው። መፍትሔው ወይ መራቅ ነው፣ ወይ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በየክፍሉ እየቆረጡ ሥሩን ማጠናከር ነው፣ ወይ ደግሞ እዛ ጋ ቤዝመንት የለም ብሎ ዲዛይኑ ሲጀመር መወሰን። ሦስተኛው ርካሽ ነው።

የኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2012 ትልቁ አዲስ አዳራሽ ሲሠራ በምዕራብ በኩል ካለው የ1852 ሕንፃ ጎን ነው የተተከለው፣ ነጭ ብረት ነው፣ መሀል ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ከታች ጠበብ ብሎ ወጥቶ ላይ ይዘረጋል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ የራሱ ኮለኖች አሉት። አሮጌውን ግድግዳ ጭነት አላሸከሙትም። ሰው አዳራሹ ውስጥ ቆሞ በአንድ በኩል የድሮውን ጡብ በሌላ በኩል አዲሱን ብረት ያያል፣ ማንም የቱ የቱ ነው ብሎ አይጠይቅም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ኪንግስ ክሮስ ላይ ባለሀብቱ ሃያ ያህል ታሪካዊ ሕንፃዎችን ያቆየው ለጽድቅ ብሎ አይደለም። መስታወት ፎቅ የትም አለ፣ ያ ሰፈር ግን ሰው የሚሄድበት ከሰል ቤቶቹና ጋዝ ማጠራቀሚያዎቹ ስላሉ ነው፣ ፎቆቹ ደግሞ ዙሪያውን ተሠርተው ኪራይ ያስገባሉ። ድሬም እንደዚሁ፣ ፎቁን አትሥሩ አላልኩም፣ የት ይሠራ ነው ጥያቄው።

ሩር_ሸለቆ፦

እኔ ኤሰን ነኝ ጀርመን። ዞልፈራይን የሚባለው የከሰል ማዕድን ለቤቴ ቅርብ ነው፣ በ1986 ተዘጋ፣ ከሰሉን ለብረት ማቅለጫ የሚያዘጋጀው ኮክ ማምረቻ ደግሞ በ1993፣ በ2001 ዩኔስኮ መዘገበው። ያኔ እዚህም እንደናንተው ነበር ክርክሩ፣ አባቶቻችን ሳንባቸውን የጨረሱበት ቦታ ምን ይጠበቃል የሚል ብዙ ሰው ነበር።

ያደረጉት ምንድን ነው፣ ከሰል ይታጠብበት የነበረውን ግዙፍ ሕንፃ ሙዚየም አደረጉት፣ መግቢያው ላይ ግን ከውጭ በኩል ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሰቀሉለት፣ ብርቱካናማ ነው፣ ማታ እንደ ቀለጠ ብረት ይበራል። ድሮ ከሰሉ በዚያው ዓይነት ዘንበል ባለ ማጓጓዣ ነበር የሚወጣው፣ አሁን ሰው ይወጣበታል። ውስጥ ስትገቡ ማሽኖቹ ብዙዎቹ በቦታቸው ናቸው፣ ዕቃው በመሀላቸው ነው የተደረደረው።

ሌላ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ግቢው ጠርዝ ላይ ጃፓኖች የሠሩት አንድ አራት ማዕዘን የኮንክሪት ሕንፃ አለ፣ ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው፣ ምንም ድሮ ለመምሰል አልሞከረም። ሕንፃው ሲሠራ ከማዕድኑ ጉድጓድ ውሃ በፓምፕ ይወጣ ነበር፣ መውጣቱ የግድ ነበር፣ ውሃው ደግሞ ሙቅ ነው፣ ስለዚህ በግድግዳው ውስጥ በቱቦ አዙረውት ሕንፃውን እንዲያሞቅ አደረጉ፣ ግድግዳው በዚህ ምክንያት ቀጭን ሆኖ ቀረ። አዲሱና አሮጌው በመልክ ምንም አይመሳሰሉም፣ ግን በዛ ውሃ ተያይዘው ነበር። እኔ ከሁሉም በላይ ይሄን ነው የማደንቀው። የከዚራው ወንድሜ ስለ አየርና ስለ ጣሪያ ያልከውን ሳነብ ይሄው ነው ትዝ ያለኝ፣ ድሬ ላይ አዲስ የሚሠራ ሰው ከጋራዡ ጣሪያውን ቢኮርጅ ሳይሆን አየር አያያዙን ቢማር።

ደግሞ ሰፈሩን አልረሱም፣ በክረምት ኮክ ማምረቻው ሥር ባለው ውሃ ላይ በረዶ ተሠርቶ ልጆች ይንሸራተታሉ።

ኔቪያርድ_ዲሲ፦

ከዋሽንግተን ልጨምር፣ ግን እኔ የማየው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኔቪ ያርድ የሚባለው ሰፈር የባሕር ኃይል መድፍ የሚሠራበት ነበር፣ በ1919 የተሠራው የቦይለር መሥሪያ ወርክሾፕ ዛሬ ምግብ ቤትና ቢራ ጠማቂ አለበት፣ ብረቱ ሁሉ ይታያል፣ በጣም ያምራል፣ አበሻም እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዞ ወንዙ ዳር ሲንሸራሸር ታያለህ። ግን እዛው አጠገብ 707 ቤቶች ያሉት የመንግሥት የድሃ መኖሪያ ነበር፣ በ2000ዎቹ ፈረሰ። እያንዳንዱ ቤት ይተካል ተብሎ ቃል ተገብቷል፣ መተካቱ ግን በጣም ብዙ ዓመት ወሰደ፣ እስከዛ ሰዉ በየቦታው ተበተነ።

ስለዚህ ጡቡን አቆይተን ሰውን የምናስወጣ ከሆነ እኔ አልገባኝም። ለገሃር ላይ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 2011 ለአዲሱ የግንባታ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ ሲጣል 1,600 ያህል አባወራዎች እዛው አካባቢ ቤት ይሠራላቸዋል ተብሏል፣ እኔ ስለ አርክቴክቸሩ ከመስማቴ በፊት ስለዚህ ነው መስማት የምፈልገው።

ለገሃር_ያደገች፦

እኔ ስለ ለገሃር ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ስለ ፕሮጀክቱ ሲያወራ 360 ሺህ ካሬ ሜትርና ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነው የሚያነሳው። ጣቢያው በ1929 የተከፈተ ነው፣ ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው የሠራው፣ ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ በዓመቱ ለዘውድ በዓሉ ቆመ፣ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፣ በኋላ ተመለሰ። ይሄ ሁሉ ይታወቃል። የማይወራው ግን ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትመጡ መንገዱ የሚያልቀው እዛ ጣቢያ ላይ መሆኑ ነው። ከተማው እንደዛ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ላይ ማዘጋጃ ቤት ታች ባቡር ጣቢያ። እኛ ልጅ ሆነን ቁልቁለቱን ስንወርድ ጣቢያውን እያየን ነው።

የቀላል ባቡሩ ድልድይ በ2015 ከመጣ ወዲህ እይታው ተቆርጧል፣ አሁን ደግሞ ከጀርባው ሰማይ ጠቀስ ሲወጣ ጣቢያው እንደ ዘበኛ ቤት ነው የሚሆነው። ሕንፃው ይቆያል ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ ግን ባለ ሁለት ፎቅ ጣቢያ በሃምሳ ፎቅ መሀል ቆሞ "ጠብቀናል" ማለት ለእኔ መጠበቅ አይደለም። ቁመትም ርቀትም ይከበር። ምድር ባቡር ማለት ደግሞ ያ ፊት ለፊት የሚታየው ቤት ብቻ አይደለም፣ ከኋላ መጋዘኖቹ አሉ ሐዲዱ አለ፣ እነሱ ከሄዱ ጣቢያው የምን ጣቢያ እንደነበር ማን ያውቃል?

ጡብና_ድንጋይ፦

እህቴ እጅሽን ይባርከው። ለንደን ላይ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል እይታ እንዳይሸፈን ከ1937 ጀምሮ የፎቅ ቁመት ይገደባል፣ ገንቢው መሬቱን ሲገዛ እስከ ስንት ሜትር እንደሚወጣ ያውቃል፣ ዋጋውም በዛው ይሰላል። ስለዚህ ከቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚታየው ነገር በመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ላይ በመስመር ሊሰመር ይችላል፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የተፈቀደ ነገር አይደለም።

ኔቪያርድ_ዲሲ ያነሳኸው ከሁሉም ይከብዳል፣ ኪንግስ ክሮስም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለም። ጋዝ ማጠራቀሚያዎቹን ብረታቸውን ፈትተው ወስደው አድሰው መልሰው ተክለው ውስጣቸው 145 አፓርትመንት ሠሩ፣ በጣም ውድ ነው፣ የሰፈሩ ሰው አይገዛውም። አንዱን ግን ባዶውን ትተው ሣር ተክለውበት ለማንም ክፍት አደረጉት። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ የዛ ዓይነቱ ይብዛ እላለሁ።

አራት_ኪሎ፦

ሐምቡርግን የረሳችሁት መሰለኝ። ኤልብፊልሃርሞኒ፣ የካካዎ መጋዘን ላይ የመስታወት ኮንሰርት አዳራሽ ተጭኖበት በ2017 የተከፈተው። ያው ዓለም ሁሉ ያደንቀዋል፣ አሮጌና አዲስ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶ እሱ ነው።

ጡብና_ድንጋይ፦

አልረሳሁትም፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ከላይ ያለው መስታወት በጣም ያምራል እስማማለሁ፣ ግን መጋዘኑን ውስጡን ሙሉ በሙሉ አውጥተው የውጭ ግድግዳውን ብቻ ነው ያስቀሩት። ወጪው ደግሞ 866 ሚሊዮን ዩሮ ገባ፣ መጀመሪያ ከታሰበው በብዙ እጥፍ። ድሬዳዋ ከዛ የምትማረው ነገር አይታየኝም።

ከሱ ይልቅ ኬፕታውንን እዩ፣ አፍሪካ ነው፣ ቀረብ ይላል። በ1920ዎቹ የተሠራ የእህል ሳይሎ ነው፣ 42 የኮንክሪት ቱቦ ጎን ለጎን የቆመበት፣ ወለል የለው መስኮት የለው፣ ለሌላ ነገር ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። አርክቴክቶቹ እዛው ከቀረ እህል አንዲት የበቆሎ ፍሬ አንስተው ቅርጿን በኮምፒውተር አጉልተው በዛ ቅርጽ የቱቦዎቹን መሀል ቆርጠው አወጡ። ገብታችሁ ቀና ስትሉ የተቆረጡት ቱቦዎች ከላይ እንደ ክር ተሰልፈው ይታያሉ፣ ላያቸው ላይ መስታወት አለ ብርሃን ይወርዳል። በ2017 የአፍሪካ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። አሮጌውን ቆርጠዋል፣ አዎ፣ ግን የቆረጡበት ቦታ ሁሉ ይታያል፣ አልለሰኑትም፣ በአሉኮቦንድ (በአልሙኒየም ሽፋን) አልሸፈኑትም።

ሳይት_ኢንጂነር፦

እሺ፣ ከነገራችሁኝ በኋላ የምስማማበት ነገር አለ፣ ቦታው ይለይ፣ ፎቁ ጠርዝ ላይ ይውጣ የሚለው ያስኬዳል። ድሬ ነፃ የንግድ ቀጠናው ሌላ ቦታ ስላለ ከባዱ ነገር ሁሉ መሀል ከተማ መምጣት የለበትም፣ ግቢው ለሙያ ማሠልጠኛና ለአነስተኛ ወርክሾፕ ይመቻል። ግን እንደ ኢንጂነር ሥራ ላይ የሚበላሸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሚበላሸው ዲዛይኑ ላይ ሳይሆን ሳይት ላይ ነው።

አንደኛ ሲሚንቶ። ግንበኛው የድሮ ድንጋይ ሲያይ ወዲያው መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ይሞላዋል፣ የድሮው ግን በኖራ የተገነባ ነው፣ ኖራ እርጥበት ያስወጣል ሲሚንቶ ይዘጋል፣ እርጥበቱ በድንጋዩ ሲወጣ ድንጋዩ ይላጣል። ጎንደር ፋሲል ግቢ ላይ ጣሊያን በሲሚንቶ የጠገነው በኋላ ተነቅሎ በኖራ መሠራት ነበረበት። ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ከአሁኑ ማሠልጠን ያስፈልጋል፣ ዛሬ ፈልጋችሁ በቀላሉ አታገኙም።

ከዛ ብረቱ። የድሮ ካፕሪያታ (ጣሪያ የሚሸከመው የብረት አጽም) በሪቬት፣ ማለትም ተቀጥቅጦ በሚጠብቅ የብረት ሚስማር፣ ነው የተያያዘው፣ ዌልደር ጠርታችሁ ዝም ብሎ እንዳይበየድ፣ የድሮ ብረት ውስጡ ያለው ነገር ከዛሬው የተለየ ስለሆነ ብየዳው ጎኑን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ትንሽ ቆርጦ ላብራቶሪ ማስመርመር ነው፣ ካልሆነ በቡሎን ማሠር። የባቡር ጋራዥ ደግሞ ስንት ዓመት ዘይትና ናፍጣ የፈሰሰበት ነው፣ አፈሩ ሳይመረመር ልጆች የሚጫወቱበት ፓርክ ብሎ ሣር መትከል አይቻልም፣ በዛ ዘመን ባቡር ጋራዥ ውስጥ አስቤስቶስ መኖሩም የተለመደ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይታይ።

ስለ አፈር ካነሳን አዲስ አበባ ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ የድሮው ቤት አብሮ መንቀሳቀስ ለምዷል አዲሱ በፓይል (ወደ ታች ርቆ በሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) ስለቆመ አይንቀሳቀስም፣ ሁለቱን በአርማታ ካያያዛችኋቸው የሚቀደደው አሮጌው ነው። መሀላቸው ክፍተት ይተው፣ በላሜራ ይሸፈን፣ አለቀ።

የከዚራ_ልጅ፦

ይሄ ነው ወሬ! ኢንጂነር እግዜር ይስጥልኝ፣ መጀመሪያ ሳነብህ የፈራሁህን ያህል አሁን ግቢው ውስጥ ገብተህ ብታይልን ብዬ እየተመኘሁ ነው። የሙያ ማሠልጠኛ ያልከው ልቤን ነካው፣ ቶርኖዎቹ ይሠራሉ፣ የሚያሠሩት ሰዎች ግን አርጅተዋል። ማሽኑን መስታወት ውስጥ አስገብቶ ማሳየት ሳይሆን ልጁ ጋሼን አጠገቡ አቁሞ እንዲማር ነው የምፈልገው፣ እነሱ ካለፉ ያ ቶርኖ ብረት ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እኛ ተራ ሰዎች ምን እናድርግ? ፕላን ቢሮ ገብተን የምንናገርበት አፍ የለንም።

ጡብና_ድንጋይ፦

አላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እድሳትም ለውጥም አይደረግበትም፣ ቁልፉ ምዝገባው ላይ ነው፣ ለምዝገባ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ጣቢያውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ቤት፣ እያንዳንዱን ማሽን፣ የባቡር መዞሪያውን፣ የውሃ ማማውን ሁሉ ለየብቻ ፎቶ አንሱ፣ አስፈቅዳችሁ ግን። ፎቶው ላይ ሜትር ወይ የታወቀ ልክ ያለው ነገር ይኑር፣ ማሽኖቹ ላይ የፋብሪካ ስምና ዓመት የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ፣ እሱን ቅርብ አድርጋችሁ አንሱት። ከዛ ጡረተኞቹን ድምፅ ቅዱ፣ ይሄ ማሽን ምን ይሠራ ነበር፣ ፉርጎው ከየት ገብቶ በየት ይወጣ ነበር፣ ሥራው የሄደበትን መንገድ በቅደም ተከተል። አርክቴክት የቱ ግድግዳ ቢከፈት እንደማይጎዳ የቱ ደግሞ መነካት እንደሌለበት የሚያውቀው ከዛ ነው።

የከዚራ_ልጅ፦

አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ይገናኛሉ፣ ከነሱ እጀምራለሁ። የሰሌዳውን ፎቶ እዚሁ ክር ላይ እለጥፋለሁ፣ ፈረንሳይኛ የምታነቡ ተዘጋጁ።

ሩር_ሸለቆ፦

እኔ አነባለሁ፣ ጀርመንኛም ካለበት ላክልኝ።